የማይታዩት ሠራተኞች ወዳጅ፤ የሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የሕይወት ታሪክ



በየዓመቱ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር መሪዎችና ስለ ታወቁ ደራስያን ነው። እኔ በዚህ ዓመት የመረጥሁት ሰው ግን ዙፋን ያልወረሰ፣ ጦር ያልመራ፣ ከዕድሜው አብዛኛውን በኩሬ ጭቃ፣ በምንጭ ውኃና በአፈር ላይ አጎንብሶ ያሳለፈ አንድ ሊቅ ነው። ስሙ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ይባላል። ስለ አፈርና ስለ ረቂቃን ተሕዋስያን በሚጻፉ መጻሕፍት ሁሉ ስሙ በክብር ይነሣል።

ይህን ሰው የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ክረምት ቤተ ሰባችን ከነባሩ መኖሪያችን ከአራት ኪሎ አካባቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ከቦታው ተነሥቶ የማያውቀውን የዓሣ ገንዳ የማዛወሩ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ። ገንዳውን ያቆሙት ወንድ አያቴ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏል። እማማ፣ ማለት ሴት አያቴ፣ በየማታው ከገንዳው አጠገብ ተቀምጠው ዓሣዎቹን ሳያዩ ወደ መኝታቸው አይሄዱም። ስለዚህ በመንገድ ላይ ዓሣዎቹ ቢሞቱ ጉዳቱ የሦስት ዓሣዎች ሞት ብቻ እንደማይሆን አባቴ አስቀድመው አሳስበውኝ ነበር። ለመሆኑ የገንዳውን ውኃ ይህን ያህል ዘመን ጤናማ አድርጎ ያቆየው ምንድን ነው ብዬ መጠየቅ የጀመርሁት በዚህ ጊዜ ነው። መልሱን ስከተል ቪኖግራድስኪ ዘንድ ደረስሁ።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ቪኖግራድስኪ በ1856 ዓ.ም. በኪየቭ ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ኪየቭ ዛሬ የዩክሬን ዋና ከተማ ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። ልጁ ምንም ነገር ሳይጎድለው አደገ፤ ሆኖም የሕይወቱን መንገድ ቶሎ ማግኘት አልሆነለትም። በመጀመሪያ በኪየቭ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ጀመረና ሳይወደው ቀረ። ቀጥሎ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ተዛወረ፤ አቀራረቡ ደረቅ ሆኖበት እሱንም ተወው። ከዚያም ፒያኖ መምታት ይወድ ነበርና በ1875 ዓ.ም. ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ ያስተምረው የነበረውም በጊዜው በመላው ኤውሮፓ የታወቀው የፒያኖ መምህር ሌሸቲትስኪ ነበር። ይሁን እንጂ ሙዚቃውም ቢሆን የመንፈሱን ጥም አላረካለትም። በ1877 ዓ.ም. እንደገና ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ተመልሶ በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በአሁኑ ሰዓት ምን ዓይነት ትምህርት እንምረጥ እያልን በምንጨነቅበት ጊዜ ይህ ታሪክ የሚያጽናና ይመስለኛል። ቪኖግራድስኪ ሃያ ዓመት ከሆነው በኋላ እንኳ ገና መንገዱን እየፈለገ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ካገኘው በኋላ በሙሉ ልቡ ያዘው። በ1881 ዓ.ም. ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ፋሚንትሲን በተባለ የዕፀዋት ሊቅ ዘንድ እርሾን በሚመስሉ ረቂቃን ፍጥረታት ላይ ምርምር ጀመረ። የወደፊት ሥራው በዚያው ተወሰነ።

በ1885 ዓ.ም. ወደ ስትራስቡርግ ከተማ ሄደ። ከተማዋ ዛሬ በፈረንሳይ አገር የምትገኝ ስትሆን በዚያ ዘመን የጀርመን መንግሥት ይዟት ነበር። በዚያም አንቶን ደ ባሪ የተባለው ታላቅ የዕፀዋት ሊቅ ያስተምር ነበር። ቪኖግራድስኪ በዚህ ቦታ ያጠናው ቤጊያቶአ የምትባለውን ተሕዋስ ነው። ይህች ተሕዋስ እንደ ነጭ ፈትል ሆና የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ባለው የድኝ ምንጭ ውስጥ ትኖራለች። በማይክሮስኮፕ ሲመለከቷት በሰውነቷ ውስጥ የሚያብረቀርቁ የድኝ ፍሬዎች ይታያሉ። የድኙ ጥቅም ምን እንደሆነ ግን በትክክል ያወቀ ሰው አልነበረም።

ቪኖግራድስኪ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን ብርቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥቂት ፈትሎችን በመስታወት ላይ በአንዲት ጠብታ ውኃ ውስጥ አኖረ፤ ውኃውንም በየቀኑ ደጋግሞ እየለወጠ እነዚያኑ ፈትሎች ቀን ተቀን ይመለከታቸው ጀመር። የድኝ ሽታ ያለውን ውኃ ሲሰጣቸው የድኝ ፍሬዎቹ በሰውነታቸው ውስጥ ይሞላሉ፤ ንጹሕ ውኃ ብቻ ሲሰጣቸው ፍሬዎቹ እየመነመኑ ይጠፋሉ፤ ፍሬዎቹ ካለቁ በኋላ ፈትሎቹም በረኃብ ይሞታሉ። ከዚህ የተነሣ በ1887 ዓ.ም. ለዓለም የገለጸው ነገር ታላቅ አዲስ ዕውቀት ነበር። ይኸውም፣ እኛ እንጨትና ከሰል አንድደን ኃይል እንደምናገኝ ሁሉ ይህች ተሕዋስም ድኝን ከኦክሲጅን ጋር አዋሕዳ የምትኖርበትን ኃይል ታገኛለች ማለት ነው። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ኃይሉን የሚያገኘው ወይ ከፀሐይ ብርሃን ወይ ሌላ ሕይወት ካለው ነገር ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

በ1888 ዓ.ም. መምህሩ ደ ባሪ ሞተ። ቪኖግራድስኪም ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ስዊስ አገር ወደ ዙሪክ ከተማ ተዛወረ። ስሙን ከሁሉ በላይ ያስጠራለትን ሥራ የሠራው በዚህች ከተማ ነው። ሥራውን ለመረዳት ግን ከእሱ በፊት የነበረውን ነገር ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል።

ፍግ በእርሻ ላይ ሲበተን ለሰብሉ ምግብ እንደሚሆን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ከፍጉ የሚወጣው አሞኒያ ግን በአፈር ውስጥ እንዳለ አይቀርም፤ ጥቂት ቆይቶ ናይትሬት ወደሚባለው ጨው ይለወጣል። ይህን ለውጥ የሚያደርገው ምንድን ነው? በ1877 ዓ.ም. ሽሎዚንግና ሙንትስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን አሸዋና የኖራ ድንጋይ የሞላበት ረጅም የመስታወት ቱቦ አዘጋጅተው የቆሻሻ ውኃ ቀስ እያለ እንዲያልፍበት አደረጉ። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ቀናት ያህል ምንም ለውጥ አልታየም። ከዚያ በኋላ ግን ከታች የሚወጣው ውኃ ናይትሬት ይዞ ተገኘ። ክሎሮፎርም በጨመሩበት ጊዜ ሥራው ቀጥ ብሎ ቆመ። ክሎሮፎርም ሕይወት ያለውን ነገር ስለሚያደነዝዝ፣ ለውጡን የሚያደርጉት ሕያዋን ናቸው ወደሚል አሳብ ደረሱ። ሕያዋኑን ግን ለይቶ ያሳየ ሰው አልተገኘም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ አባትና ልጅ መናገር እወዳለሁ። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የለንደን ኬሚስት በመስታወት ገንዳ ውስጥ ወርቃማ ዓሣዎችን፣ የውኃ ውስጥ ተክልንና ቀንድ አውጣዎችን አብሮ በማኖር ውኃው ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ እንዴት ጤናማ ሆኖ እንደሚቆይ በ1850 ዓ.ም. ለኬሚስቶች ማኅበር አስረድቶ ነበር። ተክሉ ለዓሣው ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ቅጠል ይበላል፤ የዓሣው እዳሪ ደግሞ ለተክሉ ምግብ ይሆናል ማለት ነው። ዛሬ በየቤቱ የምናየው የዓሣ ገንዳ አያት ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የአባቱን ስም የያዘው ልጁ ሮበርት ደግሞ ሮትሃምስቴድ በተባለው የእንግሊዝ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ለብዙ ዓመታት የአሞኒያን መለወጥ አጠና። ሥራው በሁለት ደረጃ እንደሚፈጸም ተገነዘበ፤ በመጀመሪያ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ናይትራይት ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ዳሩ ግን እሱም ቢሆን ሠራተኞቹን ለይቶ ለማውጣት አልተቻለውም። እንግዲህ አባትየው ገንዳውን አቆመ፤ ልጁ በአባቱ ገንዳ ውስጥም ይሠሩ የነበሩትን የማይታዩ ሠራተኞች ፈለገ፤ ያገኛቸው ግን ቪኖግራድስኪ ነው።

ሌሎች ያቃታቸው ለምንድን ነው? በዚያ ዘመን ተሕዋስያንን ለማራባት የሚያገለግለው እንደ ሥጋ መረቅ ያለ የደለበ ምግብ በጄላቲን ረግቶ ነበር። በዚህ ማዕድ ላይ ሌሎች ተሕዋስያን ሁሉ ተሻምተው ሲበዙ የሚፈለጉት ግን ብቅ አይሉም። ቪኖግራድስኪ ስለ ድኝ ተሕዋስያን ያገኘውን ዕውቀት ይዞ ነገሩን በተቃራኒው ተመለከተው። እነዚህ ፍጥረታት ከአሞኒያ ኃይል የሚያገኙ ከሆነ የደለበው ማዕድ ምን ያደርግላቸዋል? ስለዚህ ከዙሪክ ሐይቅ ውኃ ወስዶ አሞኒያ ያለበት ጨው፣ ጥቂት ሌሎች ጨዎችና ማግኒዚየም ካርቦኔት የሚባለውን ነጭ ዱቄት ብቻ ጨመረበት። ሥጋም፣ ስኳርም፣ ሌላ ምግብም አልሰጠም። ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ ሲያዛውር ሌሎቹ ተሕዋስያን በረኃብ እየተመናመኑ ሄዱ፤ የሚፈለጉት ግን ቀሩ።

በጠርሙሱ ውስጥ ያየው ነገር ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ሆኖብኛል። ከላይ ያለው ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ ምንም የሚኖርበት አይመስልም። ተሕዋስያኑ የተገኙት ከጠርሙሱ ሥር በተጠራቀመው ነጭ ደለል ላይ ተጣብቀው ነው። በ1890 ዓ.ም. ግኝቱን አሳተመ። ጥቂት ቆይቶም ሲሊካ ከሚባለው ማዕድን የተሠራ ዝልግልግ ነገር በጄላቲን ፈንታ አዘጋጅቶ፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትንም ሁለተኛዎቹን ሠራተኞች ለያቸው። ለመጀመሪያዎቹ ኒትሮሶሞናስ፣ ለሁለተኛዎቹ ኒትሮባክተር የሚል ስም አወጣላቸው። እነዚህ ተሕዋስያን በጨለማ ውስጥ ያለ ፀሐይ ብርሃን፣ በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰውነታቸውን እንደሚገነቡም አስረዳ።

አሁን ታሪኩን ለጥቂት ጊዜ ገታ አድርጌ ይህ ዕውቀት ለእኛ ቤት ምን እንደጠቀመ ልንገራችሁ።

ዓሣ በሚተነፍስበትና እዳሪውን በሚጥልበት ጊዜ አሞኒያ ወደ ውኃው ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ ናይትራይትም የዓሣውን ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርገው እንደዚሁ ይገድላል። ናይትሬት ግን ብዙ ካልተጠራቀመ በስተቀር እምብዛም አይጎዳም፤ ጥቂቱን ተክሎች ይወስዱታል፤ የቀረውም ውኃው በየጊዜው በከፊል ሲለወጥ ይወጣል። አዲስ ገንዳ እነዚህ ሠራተኞች እስኪራቡበት ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል። አንዳንድ ተሕዋስያን በሃያ ደቂቃ እጥፍ ሲሆኑ፣ እነዚህኞቹ ግን እጥፍ ለመሆን ግማሽ ቀን ወይም ከዚያም የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋሉ። እንግዲህ ነባር ገንዳ ሲዛወር አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዓሣዎቹ በደኅና ደርሰው ሠራተኞቹ በመንገድ ከሞቱ፣ ዓሣዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ በገዛ አሞኒያቸው ያልቃሉ።

አንድ ጎረቤታችን በቅን ልቡና፣ ገንዳው ከተነሣ አይቀር ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በበረኪና አጥባችሁ በአዲስ ውኃ ሙሉት ሲሉ መከሩን። ምክሩ ለዓይን ንጽሕና መልካም ነበር። ነገር ግን የቪኖግራድስኪን ጠርሙስ ያሰበ ሰው ሊቀበለው አይችልም። ሠራተኞቹ በውኃው ውስጥ ሳይሆን በጠጠሩና በስፖንጁ ላይ ተጣብቀው ስለሚኖሩ፣ እነሱን በበረኪና ማጠብ ማለት ሰባት ዓመት የኖረውን ሕዝብ በአንድ ጊዜ መፍጀት ነው። አንዳንድ ሰዎች ደግሞ አሮጌውን ውኃ በሙሉ ይዘው ጠጠሩን ይጥላሉ፤ ይህም ባለቤቶቹን ትቶ ባዶ ቤት እንደመሸከም ይቆጠራል።

ስለዚህ እንዲህ አደረግን። ከሁለት ቀን በፊት በአዲሱ ቤት በርሜል ውስጥ የቧንቧ ውኃ ሞልተን ክሎሩ እንዲተን ክዳኑን ከፍተን ተውነው። ከአንድ ቀን በፊት ውኃው እንዳይቆሽሽ ዓሣዎቹን ከመመገብ ተቆጠብን። በማለዳ የገንዳውን ውኃ ግማሽ ያህል በጀሪካን ቀዳን፤ ሦስቱን ወርቃማ ዓሣዎች ከዚያው ውኃ በተሞላና ክዳን ባለው ሰፊ ባልዲ ውስጥ አኖርናቸው። ስፖንጁን በገንዳው ውኃ ብቻ ቀስ ብዬ አለቀለቅሁት፤ ተሕዋስያኑ ኦክሲጅን ስለሚፈልጉም ጥብቅ ብሎ በተዘጋ ዕቃ ሳይሆን ክፍት በሆነ ባልዲ በገንዳው ውኃ ውስጥ አስቀመጥሁት። ጠጠሩንም እንደዚሁ ለቅለቅ አድርጌ እርጥብ እንደሆነ በባልዲ ሞላሁት።

ገንዳው ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 35፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ውኃው 35 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲይዝ 98 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ጠጠሩ ሳይቆጠር 98 ኪሎ ማለት ነው። ከነውኃው ወይም ከነጠጠሩ ቢነሣ መስታወቱ ከመገጣጠሚያው ይላቀቃል። ስለዚህ ፍጹም ባዶ አድርገን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በአይሱዙ መኪና ላይ ጫንነው፤ አራተኛ ፎቅም ድረስ ከአጎቴ ጋር በደረጃ ተሸክመን አወጣነው። ዓሣዎቹን ግን እማማ ለማንም አልሰጡም፤ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ባልዲውን በእግራቸው መካከል ይዘው ሄዱ።

እንደደረስን ከሌላው ዕቃ ሁሉ በፊት ገንዳውን በውኃ ልክ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አቆምን። ጠጠሩን፣ ተክሎቹንና አሮጌውን ውኃ መለስን፤ ከበርሜሉ የጎደለውን ሞላን፤ ማጣሪያውንም አስነሣን። ስፖንጁ ከማጣሪያው ተለይቶ የቆየው ለሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ ዓሣዎቹን ወደ ገንዳው ከማስገባታችን በፊት አዲሱን ውኃ ጥቂት በጥቂት ወደ ባልዲው እየጨመርን አለማመድናቸው። የባዮሎጂ መምህራችን ባዋሱኝ የመመርመሪያ ጠብታ ለሁለት ሳምንት ያህል ውኃውን በየማታው መረመርሁ። በሦስተኛው ቀን በሊትር ሩብ ሚሊ ግራም ያህል አሞኒያ ታየ። ምግባቸውን ቀነስን። በስድስተኛው ቀን አሞኒያው ጨርሶ ጠፋ፤ ተመልሶም አልመጣም።

እማማ ግን ለአዲሱ ቤት ቶሎ አልለመዱም። የቡና ጎረቤቶቻቸውና እድራቸው በአሮጌው ሰፈር ቀርተዋል። ለገንዳው ያደረግነውን ጥንቃቄ ለእሳቸው ማድረግ እንዳልቻልን ሳስብ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሲዛወር ጎረቤትን በባልዲ ይዞ መሄድ አይቻልም። አሁን በየወሩ በእድሩ ቀን አባቴ ወደ አሮጌው ሰፈር ያደርሷቸዋል። ሲመለሱም ለዓሣዎቹ የሰፈሩን ወሬ ይነግሯቸዋል።

ወደ ተነሣሁበት ታሪክ ልመለስ። ቪኖግራድስኪ በዙሪክ ሳለ ዝናው ወደ ፓሪስ ደረሰና ታላቁ ሉዊ ፓስተር ወደ ኢንስቲትዩቱ መጥቶ እንዲሠራ ጋበዘው። በእኛም ከተማ በጉለሌ ሕዝቡ ፓስተር ብሎ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ኢንስቲትዩት ነው። ቪኖግራድስኪ ግን ግብዣውን አመስግኖ በ1891 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሴንት ፒተርስበርግም በአዲስ በተቋቋመው የሕክምና ምርምር ኢንስቲትዩት ውስጥ የረቂቃን ተሕዋስያን ክፍል ኃላፊ ሆነ። በዚያም በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ወስዳ ወደ አፈር የምታገባ፣ ኦክሲጅን በሌለበት የምትኖር ተሕዋስ አገኘ። ስሟንም ለፓስተር ክብር ክሎስትሪዲየም ፓስተሪያኑም አላት። ከጊዜ በኋላም የዚሁ ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር ለመሆን በቃ።

ዳሩ ግን ጤንነቱ ተጓደለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን ለቆ በዩክሬን ወደሚገኘው ርስቱ ሄደ፤ በእርሻና በደን ሥራም ተጠመደ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እንኳ ስሙ አይረሳም ነበር። ነገር ግን በ1917 ዓ.ም. በሩሲያ አብዮት ተነሣ፤ የእርስ በርስ ጦርነትም ተከተለ። ባለጸጋው ሊቅ ርስቱንና ሀብቱን አጣ፤ ከአገሩም ተሰደደ። በ1921 ዓ.ም. በቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኖ እናገኘዋለን። ምርምር ካቋረጠ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚሠራበት ዕቃም ሆነ የሚያነበው መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝለትም ነበር። ዕድሜውም ወደ 66 ዓመት ተጠግቷል።

በዚህ ጊዜ ከፓሪስ እንደገና ጥሪ መጣ። የፓስተር ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር ኤሚል ሩ በ1922 ዓ.ም. ከሠላሳ ዓመት በፊት ቀርቦ የነበረውን ግብዣ አደሰለት። ቪኖግራድስኪም በዚህ ጊዜ ተቀበለው፤ ከፓሪስ ብዙም በማይርቀው ብሪ ኮምት ሮቤር በተባለው ቦታ ተቀመጠ። ብዙ ሰው ከሥራ ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ እሱ አዲስ ሥራ ጀመረ። ሴት ልጁ ሄለንም በምርምሩ ረዳችው።

በዚህ በሁለተኛው የሥራ ዘመኑ የተከተለው አሳብ ይህ ነበር። ተሕዋስያንን ከተፈጥሮ ቤታቸው አውጥቶ ለየብቻቸው በደለበ ምግብ እየቀለቡ ማጥናት እውነተኛ ጠባያቸውን አያሳይም። በአፈር ውስጥ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው፣ የሚያገኙትን ያህል እየበሉ ሲኖሩ ማጥናት ይገባል። ስለዚህም የአፈርን ነዋሪዎች በሁለት ከፈላቸው፤ አዲስ ምግብ በተጣለ ጊዜ በድንገት በዝተው ምግቡ ሲያልቅ የሚጠፉ አሉ፤ ምግብ ቢበዛም ቢያንስም ሁልጊዜ በቀስታ የሚሠሩ ነባሮችም አሉ። በ1935 ዓ.ም. የኔዘርላንድ የሳይንስ አካዳሚ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጠው የነበረውን የሌቨንሁክ ሜዳይ ሸለመው።

በ1940 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ሲይዝ ቪኖግራድስኪ የ83 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። በዚያው ዓመት ሥራውን አቆመ፤ ብዕሩን ግን አላስቀመጠም። ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ስለ አፈር ተሕዋስያን የሠራውን ሥራ ሰብስቦ በፈረንሳይኛ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በየካቲት ወር 1953 ዓ.ም. በዚያው በብሪ ኮምት ሮቤር በ96 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ በኋላም ዕውቀቱ አልቆመም፤ ተሻሻለ። በ1998 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በዓሣ ገንዳዎች ውስጥ ናይትራይትን የሚለውጡት ኒትሮስፒራ የሚባሉት መሆናቸውን አሳየ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በብዙ የጨዋማ ያልሆነ ውኃ ገንዳዎች ማጣሪያ ውስጥ አሞኒያውን የሚለውጡት በአብዛኛው አርኬያ የተባሉ ሌላ ዓይነት ረቂቃን ፍጥረታት ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. ሁለቱንም ደረጃዎች ብቻዋን የምትፈጽም ተሕዋስ መኖሯ ታወቀ፤ ከተገኘችባቸው ቦታዎች አንዱ ዓሣ የሚረባበት ውኃ ማጣሪያ ነበር። ይህ ሁሉ የቪኖግራድስኪን ክብር አይቀንስም፤ አዲሶቹ ተመራማሪዎች የሄዱት እሱ በጠረገው መንገድ ነውና።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ እሱ ያስተማረውን ነገር በገዛ ዓይናችን ለማየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልገንም። ረጅም የመስታወት ዕቃ ወስዳችሁ ከኩሬ ያመጣችሁትን ጭቃ ከተቀዳደደ ወረቀትና ከጥቂት ጄሶ ጋር ቀላቅሉና ከሥሩ አድርጉት፤ በላዩም የኩሬውን ውኃ ሙሉበት፤ ከፍታችሁም በመስኮት አጠገብ በብርሃን አኑሩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጭቃው ጥቁር፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ እየሆነ በየደረጃው ይለያያል፤ እያንዳንዱ ቀለም ለራሱ የሚስማማውን ቦታ ያገኘ የተሕዋስያን ሰፈር ነው። ይህ ዕቃ በዓለም ሁሉ እስከ ዛሬ የቪኖግራድስኪ ዓምድ ይባላል። በሚመጣው መስከረም የሳይንስ ክበባችን አንዱን በቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ቢያቆም፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች በየዓመቱ እያዩት ሊማሩበት ይችላሉ።